የጃርቲ አራተኛ እግር

ኅዳር 11 ቀን 1975

ቅዳሜ። ሰው ሁሉ ገበያ ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል። የጸረ ተባይ መርጫ ስፈታ፣ በላምባ ሳጥብ፣ መልሼ ስገጥም ዋልኩ። ሰኞም መርጫ፣ ቅዳሜም መርጫ... በእርሻ መሣሪያ ዲፕሎማ ተቀብዬ አምቦ ስመደብ ምን ነበር ያሰብኩት? ትራክተር በትራክተር ላይ! የአውራጃው እርሻ ቢሮ ያለው አንድ ላንድሮቨርና አንድ የጭነት መኪና ብቻ። የሁለቱም ቁልፍ ሹፌሩ ቦጂያ ኪስ ውስጥ ነው።

ቦጂያ በመስኮት ብቅ አለና፣ «ድንቅቱ! ዛሬም ከብረት ጋር? ባል እንዲህ ቢታጠብ ኖሮ አዲስ በሆነ ነበር» ብሎኝ ሄደ። ሚስቱ ትስማውና...

እራቴም ላምባ ላምባ አለኝ።

ኅዳር 16

አገኘሁ! ለማን ልንገር?

የወደቀ ቡሎን ፍለጋ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ዞርኩ። ሳማው ከወገብ በላይ ደርሷል። በዱላ ልገልጠው ስል ዱላው ቋ! አለ። ጠጋ ስል... ራስ። እንደ በርሜል የወፈረ የብረት ራስ። ከጎኑ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ቦላኖ፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ከባድ ክብ ብረት። ትራክተር ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን በመጽሐፍም አላየሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ እግሮች የሉም። የቀረው የፊት ቀኝ ብቻ፤ ላስቲክ የማያውቀው፣ ሙሉ ብረት፤ ከመሐሉ ዘንጎች እንደ ፀሐይ ጨረር ወጥተው ዙሪያውን ይዘውታል። ሳማው እጄን ለብልቦ አሳብጦታል፤ እኔ ግን ቆሜ አያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ተቀምጦ ስለ መርጫ ሳማርር ነበር?

ቦጂያን ጎትቼ አመጣሁት።

«እ... ጃርቲ! አሮጊቷ! እስካሁን አለች?» አለ።

«ማን አመጣት?»

«ጣሊያን ነው ይላሉ። ኋላ አንድ ባለመሬት ወሰዳት። በስልሳ ሰባት መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አንዱ መጥቶ አንድ እግር ነቀለ፣ ሌላው መጥቶ ሌላውን... የተረፈውን ወደዚህ ጎትተው ጣሉት።»

«እግሯን ምን ሊያደርጉት?»

«ምን ታውቂያለሽ? ብረት ሥራ አያጣም።»

ኅዳር 30

ዛሬ ተናገረች።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ከቦጂያ ጋር ስንፈታት፣ ዝገቷን ስንፍቅ፣ ዘይት ስናጠጣት ከረምን። ዛሬ ራሷን በላምባ ነበልባል ከሥር አጋልነው፤ እስኪቀላ። ያቺ እንደ ሌላው ሞተር በቁልፍ የምትነሳ አይደለችም። መሪዋን ከነዘንጉ ነቅለን ጎኗ ላይ ሰካነው፤ ቦጂያ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዘው ጀመር። ላብ በላብ ሆነ። «ሞታለች፤ ቀብረን እንግባ!» እያለ ሳለ...

ዱም።

ዝም አለች።

ዱም... ዱም... ዱም።

በጆሮ አይደለም የምትሰማው፣ በእግር ነው። መሬቱ በጫማዬ በኩል ወደ ላይ ወጣ። የቢሮው መስኮት ተንቀጠቀጠ። ኃላፊያችን ጓድ ውባየሁ ብዕራቸውን እንደያዙ ወጡ። ጭሱ ቀለበት እየሠራ ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ሄደ።  አንድ ሲሊንደር ብቻ! አንድ ልብ... ይህን ሁሉ ዓመት ሳማ ውስጥ ዝም ብሎ የኖረ ልብ።

አለቀስኩ። ቦጂያ ሲጠይቀኝ ጭሱ ነው አልኩት።

ታኅሣሥ 3

ጓድ ውባየሁ አስጠሩኝ። «ጥሩ ሠርተሻል። ነገር ግን...»

ነገር ግን ሲሉ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ውዳቂ ብረት የሚሰበስበው መኪና ሰኔ ላይ ይመጣል። ጃርቲ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ተቆራርጣ ወደ ማቅለጫ!

«እርሻ ትምህርት ቤቱን ጠይቄልሻለሁ» አሉ። «ለተማሪ ማሳያ ትሆናለች ብለዋል። ግን በራሷ እግር ዳገቱን ወጥታ ትግባ ነው የሚሉት። ብረት ተሸክመን አንመጣም አሉ። እኔም መጎተቻ የለኝም፣ በጀት የለኝም። ሦስት እግር አምጪና ውሰጃት።»

«አመጣለሁ፣ ጓድ።»

«ከየት?»

እኔስ መቼ አወቅኩ?

ታኅሣሥ 5

የቀረውን እግር ለካሁት። ዘንጎቹን፣ መሐሉ ላይ ያለውን ሞዞ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን። ከውስጥ በኩል ዝገቱ ሥር ኮከብ ተቀርጾበታል። ስለዚህ ኮከብ የሌለበት የእሷ አይደለም። ቦጂያ «የሆነ ቸርኬ በስተን እንግጠምላት» ይላል። በፍጹም! የሌላ እግር ገጥሜላት የእሷ ነው ልበል? ትክክለኛው ካልሆነ ምኑን አዳንኳት?

ታኅሣሥ 30

ገናን ጌዶ ከቤተሰብ ጋር ዋልኩ። ዛሬ ለእማዬ እህል ላስፈጭ ጋሽ ይገዙ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

ደጃፉ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች የሚቀመጡባቸው ሁለት ትላልቅ ክብ ብረቶች አሉ። ተማሪ ሳለሁ እንደ ፈረስ የጋለብኳቸው። ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ዕቃ መቼ ነበሩ? እንደ ደጃፉ ድንጋይ ናቸው። ዛሬ ግን አንዷ ሴትዮ ተነሳችና ጥርሳቸው ታየኝ። መሬት የሚነክሱበት የብረት ጥርስ። ተንበርክኬ በጣቴ ጭቃውን ስፍቅ ኮከቡ!

የጃርቲ የኋላ እግሮች። ስንት ዓመት ተቀምጬባቸዋለሁ!

«ጋሽ ይገዙ፣ እነዚህን ይሸጡልኛል? ለቢሮው ነው።»

«ስንት ትሰጪኛለሽ?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«የኔ ልጅ፣ ብረት በኪሎ ከሆነ ሚዛኔ ይሰበራል። በዕድሜ ከሆነ ደግሞ እኔንም አብረሽ ግዢኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ወገባችን የለመደውን ልትነጥቂን ነው? ዱቄቴ እስኪደርስ ቆሜ ልቅር?» አለችኝ። ጋሽ ይገዙም ወዲያው፣ «ሰማሽ? ዋጋውን ነገሩሽ» አሉ። ተስማማን፤ ኩሽኔታው የተበላውን ወፍጯቸውን እጠግናለሁ፣ ለሴቶቹ ደግሞ ባለመደገፊያ ረጅም አግዳሚ አሠራለሁ። የብረት ዋጋ በአግዳሚ ይተመናል ብሎ ትምህርት ቤት ማን አስተማረኝ?

ጥር 14

የተጠገነ መርጫ ላደርስ እጃጂ ሄድኩ። ከዚያ በእግር ወደ ገጠሩ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ መንደር። ስወጣ ደወል ተመታ። ቆምኩ። የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የትምህርት ቤት ሐዲድም አይደለም። ወፍራም፣ ረጅም... ድምፁ ገደሉ ውስጥ ወርዶ ማዶ ሲደርስ፣ ማዶው ሲመልሰው ይሰማል። 

ዋርካ ላይ ተሰቅሏል። ዘንጎቹ እንደ ፀሐይ ጨረር... የፊት ግራ እግር!

ሥሩ አንድ ሽማግሌ መዶሻ ይዘው ቆመዋል። «ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን ሆንሽ? ደወል አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ። ኦቦ ኦልጅራ ይባላሉ። የእድሩ ደዋይ ናቸው። ዛሬ የደወሉት ለስብሰባ ነው። አንድም ነገር ሳልናገር ተመለስኩ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ነገሩን በወጉ ማድረግ አለብኝ።

ጥር 23

በወጉ አደረግኩ ብዬ...

ጓድ ውባየሁን ደብዳቤ አስጻፍኩ። ቁጥር ያለው፣ ማኅተም የተመታበት፣ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» የሚል። ይዤ በኩራት ዳገቱን ወጣሁ። ደብዳቤውን ሳወጣ የሁሉም ዓይን ማኅተሙ ላይ ቀረ። «ከነገ ወዲያ ነይ፣ እንመካከርበት» አሉኝ በትሕትና። በቀጠሮው ቀን ስመጣ ዋርካው ባዶ ነው። ሰንሰለቱም የለ። የትኛውም ግቢ ውስጥ ብረት የሚባል አይታይም፤ ድጅኖም፣ ማረሻም። አንዲት ሴትዮ የብረት ድስቷን ሳይቀር ቀሚሷ ሥር ደብቃ አለፈችኝ!

ኦቦ ኦልጅራም አጨብጭበው «ደወል? የምን ደወል?» አሉኝ።

ቦጂያ ሲሰማ ላንድሮቨሩ ላይ ተደግፎ ሳቀብኝ። «ማኅተም ይዘሽ ብረት ጠየቅሽ? ይህ ሕዝብ ማኅተም ያለው ወረቀት እህል ሲወስድ አየ፣ በሬ ሲወስድ አየ፣ ልጅ ሲወስድ አየ። ደወሉን ብቻ አስቀርቶ እንዲሄድ ነው?»

እኔ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። እንዴት አላሰብኩም?

የካቲት 6

ያለ ደብዳቤ ሄድኩ። ከቦጂያ ጋር። ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን፣ እንደ እንግዳ። ያስተናገዱን አዴ ኡርጌ ናቸው፤ የእድሩ ሰብሳቢ፣ የኦቦ ኦልጅራ እህት። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ደብዳቤውን ፊታቸው ቀድጄ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጃርቲን፣ ሳማውን፣ ያን ዱም የሚል ድምፅ፣ ሰኔ ላይ የሚመጣውን መኪና።

ወረቀቱ አመድ እስኪሆን ምድጃውን አዩ።

«አለች?» አሉ በመጨረሻ። «ያቺ ነገር አለች?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ያ ታች ያለውን ሾላ ታያለሽ? እዚያ ነበር ቤታችን። ጭሰኞች ነበርን። አንድ ጠዋት እንስራዬ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻውን ተንቀጠቀጠ። ክብ ክብ ሠራ። ማንም አልነካውም! አማተብኩ። ከዚያ ድምፁ መጣ... ዱም፣ ዱም። ባለመሬቱ ከእንግዲህ በዚህ ነው የማርሰው፣ እናንተ ሂዱ አለን። ጎመኔን ከነሥሩ፣ የቤቴን ምሰሶ ከነጉድጓዱ ገለበጠችው።»

እኔ በደስታ ያለቀስኩበት ድምፅ... ያው እሱ ነው። በእግሬ የገባው፣ በእሳቸው እንስራ የገባው። 

ኦቦ ኦልጅራ ገብተው ተቀመጡ። «እግሯን የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በስልሳ ሰባት ሌላው መሬት ሲያስለካ እኔ ቡሎን ስፈታ ዋልኩ። እንዳትመለስ!» ሳቁ፤ ጥርስ የላቸውም። «ሰቅለን መጀመሪያ ስመታት ሴቶቹ ሁሉ ሮጡ። ይቺም ኡርጌ ሮጣለች፣ ትክዳለች እንጂ። ድምፁ ያው ነዋ! ኋላ ለመድናት። ያኔ ውጡ ትለን ነበር፤ አሁን ኑ ትለናለች።»

ደወሉ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከገደሉ ማዶ ግማሹ ዘመድ አለ። እህታቸው ጉዴ እዚያ ነው የተዳረችው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰው አይሻገርም፤ ድልድዩ ሩቅ ነው። የሚሻገር ድምፅ ብቻ። ወንድ ሲሞት እያረፈ ይመታል፣ ሴት ስትሞት ሌላ፣ እሳት ሲነሳ ሌላ። ማዶ ያለውም አፋፉ ላይ ወጥቶ በያለበት ያለቅሳል። እዚህ አገር ሰው ሳይለቀስለት አይቀበርም።

«ዋጋዋ ስንት ነው?» ማለት አፈርኩ። ግን አልኩ።

ኦቦ ኦልጅራ ወደ ማዶ ጠቆሙ። «እዚያ የሚደርስ ድምፅ አምጪ። ያኔ ውሰጃት።»

«ትሰጡኛላችሁ? ይህን ሁሉ አድርጋባችሁ?»

አዴ ኡርጌ ናቸው የመለሱት። «ብረት ቀልጦ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ልጄ ሰሜን ዘማች ነው። ልጆች ይማሩባት። አትቅለጥ።»

የካቲት 8

ድምፅ እንዴት ይለካል? ሜትር አለኝ፣ ካሊፐር አለኝ...

የካቲት 27

የተባረከ ቀን! ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ። ቦጂያ ጉደር ወድቆ ከሚበሰብስ ኤንትሬ የጭነት መኪና የነቀለውን ቸርኬ አመጣ፤ እኔ ደግሞ ከተሰበረ የትራክተር ማረሻ አንድ ዲስክ። ማዶ ጉዴ ነጭ ነጠላ ይዛ አፋፉ ላይ ቆማለች፤ ከሰማች ታውለበልባለች።

መጀመሪያ ቸርኬው። ኦቦ ኦልጅራ መቱት። ቧ... ማዶ ምንም የለም። ደግመው መቱት። ምንም።

«ይሄ ጉንፋን ይዞታል» አሉ። «ዝንጅብል አጠጡት።»

ከዚያ ዲስኩ። ተመታ... ቀጭን ነው፣ ግን አያልቅም። ዘፈነ እኮ! ገደሉን እየሰነጠቀ ሄደ።  ያቺ ጠብታ የምታህል ሴት እጇን አነሳች፤ ነጩ ነገር ተውለበለበ። መንደሩ በእልልታ ተናጋ። ኦቦ ኦልጅራ ዲስኩን ዳሰስ አደረጉና፣ «ይህችስ ሙሽራ ናት! አሮጊቷን ሸኝቼ ሙሽራ አገባሁ» አሉ። አዴ ኡርጌ «ሙሽራይቱ ታሳዝናለች» አሏቸው።

እግሩን ከዋርካው ሲያወርዱ አንድ በአንድ ቀርበው ነኩት። እኔም ነካሁት፤ ገና ይነዝራል።

የካቲት 28

ገጠምነው። ቡሎኖቹ ያለ ምንም ትግል ገቡ፤ ቤቱ እንደገባ ሰው። ኮከብ በቀኝ፣ ኮከብ በግራ። ከግቢ ስወጣ ዞሬ ዞሬ አያታለሁ።

ሚያዝያ 19

የኋላዎቹ አሁንም ጌዶ ናቸው። የቢሮው ትልቁ መኪና ማዳበሪያ ያመላልሳል። ወፍጮው ተጠግኗል፣ አግዳሚውም ተሠርቷል፤ ጋሽ ይገዙ ራሳቸው ይተኙበታል አሉ። ትዕግሥት... ትዕግሥት የሚባለውን ማን ፈጠረው?

ግንቦት 6

መጡ! ጃርቲ በአራት እግሯ ቆመች። ድንጋዮቹን ከሥሯ አወጣን። ሰው የሚያህል ቁመት ጨመረች መሰለኝ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፤ መሬቱ ሲጠጥር ዳገቱን እናወጣታለን።

ግንቦት 13

እጃጂ ነበርኩ። እንደ ወትሮው አዴ ኡርጌን ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ፤ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። በሩን ሲከፍቱልኝ ጥቁር ለብሰዋል።

«ኦልጅራ ሄደ» አሉኝ።

እዚያው ቁጭ አልኩ።

«ራሱ ነበር የሚደውለው። ለእሱ ማን ይደውል? ልጁ መታት። ያቺ ሙሽራ ጮኸች፣ ጮኸች። ማዶ ማንም አልወጣም። ወንዙ እንዲህ ሲያገሳ እኮ ነበር፤ ዝናቡም... በላት። ልጁ መዶሻው ከእጁ እስኪወድቅ መታ። እኛ ብቻችንን ቀበርነው።»

«አዴ ጉዴስ?»

«ከሠልስቱ በኋላ ሰማች። በድልድዩ ዞሮ የመጣ ነጋዴ ነገራት።»

በበጋ ነበር የፈተንኩት። ወንዙ ክር በሆነበት፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት ቀን። ደወሉ የሚያስፈልገው ደግሞ ለክረምት ነው... እንዴት? እንዴት ይህ አይታየኝም?

ፊቴን አዩት መሰለኝ። «አንቺ ብቻ አይደለሽም» አሉኝ። «ወንዙን እኛ አናውቀውም? በበጋ ሰምተን ለክረምት ተስማማን። ደስ ሲል ማን ክረምትን ያስባል?»

መልሽ አላሉኝም። አንድም ሰው መልሽ አላለኝም። ቃል ሰጥተዋል፣ ቃል ነው። ቢሰድቡኝ ምናለ?

ግንቦት 14

ሥራ አልሠራሁም። ጃርቲን ዙሪያዋን ስዞር ዋልኩ። ኮከብ በቀኝ፣ ኮከብ በግራ።

የውዳቂ ብረቱ መኪና ሰኔ አሥራ አምስት ይመጣል።

ግንቦት 15

ጠዋት ቦጂያን ክሪክ አምጣ አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«የፊት ግራውን ልፈታው ነው።»

«አብደሻል? ሰኔ ደጃፍ ላይ ቆሟል! ሴትዮዋ ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ?»

«ስላልጠየቁኝ ነው።»

አየኝ። አንዴ ተፋ፣ ኮፍያውን ገለበጠ፣ ሄደ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ክሪኩን ተሸክሞ ተመለሰ። «ቶሎ በይ። ጓድ ውባየሁ ከመግባታቸው በፊት» ብቻ አለ።

ግንቦት 17

ይህን እንዴት እጽፈዋለሁ...

ጭቃው ላንድሮቨሩን ግማሽ መንገድ ላይ አስቀረው። የመንደሩ ወንዶች ወርደው እግሩን በአጠና ተሸከሙት። ዋርካው ላይ ሰቀሉት። ዝናቡ እንደ ገመድ ነው። ማዶው አይታይም፤ ነጭ ጉም ብቻ። ወንዙ ከታች ያገሳል፤ አጠገቤ ያለው ቦጂያ የሚለውን አልሰማም።

መዶሻውን የኦቦ ኦልጅራ ልጅ ያዘ። አዴ ኡርጌ ከእጁ ወሰዱት። ሴት ደውላ አታውቅም፤ ሰዎቹ ተያዩ። ማንም ግን አልከለከላቸውም። ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ።

መቱ። አረፉ። መቱ። አረፉ። የወንድ ሞት።

በእግሬ ነው የሰማሁት። እንደዚያ ቀን፣ እንደ ኅዳሩ። በጭቃው በኩል ወጣ። ዝናቡ ውስጥ ገባ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ወንዙ አልበላውም። ያ ወፍራም ድምፅ ጉሙን እየገፋ ሄደ... ሄደ። እሳቸው ይመታሉ፣ ያርፋሉ። እንባና ዝናብ አይለይም።

ከዚያ ጉሙ ሳሳ አለ። ማዶ አፋፉ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል። ሌላ ከጎኑ። ሌላ... አፋፉ ሁሉ በሰው ተሞላ። ከቤታቸው፣ ከማሳቸው፣ ዝናቡን ሳይፈሩ ወጡ። ከፊት ያለችው ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ጉዴ ናት። ድምፃቸው ወደኛ አይደርስም፤ ደረታቸውን ሲመቱ ግን ይታያል። እዚህም ተጀመረ። ወንዙ በመሐል ሆኖ ሁለት አፋፍ ለአንድ ሰው አለቀሰ። ኦቦ ኦልጅራ ዛሬ ተቀበሩ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ብረት ነው እኮ። ዘንግና ቀለበት።

ስወርድ አዴ ኡርጌ እጄን ያዙ። «ገላቶሚ፣ ኢንተላ ኮ... አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሉ። ዲስኩን ደግሞ አሸከሙኝ፤ «ሙሽራይቱን ለተማሪዎቹ ስጫቸው፣ የሰዓት ደወል ትሁናቸው። እዚያ ወንዝ የለም።»

ግንቦት 26

ጉንፋን የያዘውን የኤንትሬ ቸርኬ ጃርቲ ላይ እየገጠምን ነው። ቀዳዳው አይገጥምም፣ ሞዞው ሰፊ ነው። አዲስ እንበሳለን። ቦጂያ «ገና ድሮ አላልኩም?» ይላል በቀን አሥር ጊዜ። ይበል።

ሰኔ 9

ወጣች።

ዝናቡ ለሁለት ቀን ፋታ ሰጥቶን ነበር። ራሷን አጋልን። ቦጂያ አወዛወዘ። ዱም... ሲል አዴ ኡርጌ አጠገቤ ነበሩ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም፤ በአውቶቡስ መጡ። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር፤ በመጀመሪያው ዱም ጨበጡኝ፣ ጥፍራቸው ገባ። አልለቀቁኝም። አልሸሹምም። ቆመው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋት።

«አነሰችብኝ» አሉ ቀስ ብለው።

መሪዋን ወደ ቦታው መልሰን ላይዋ ወጣሁ። እኔ! ግራ ጎኗን ዝቅ አድርጋ፣ እያነከሰች፣ ጭስ እየከበበች የግቢውን በር አለፈች። ሰው ከየቤቱ ወጣ። የዳገቱ መሐል ላይ ቸርኬው ጭቃ ገባና ቆመች መሰለኝ፤ ቦጂያ «በለው!» ሲል የኋላ ጥርሶቿ ነከሱ፣ ወጣች። እነዚያ የጌዶ ሴቶች የተቀመጡባቸው። አዴ ኡርጌ አጠገቧ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ፍጥነታቸው እኩል ነው።

ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። አንዷ ገና ሞተሩ ሳይጠፋ፣ «ይሄኛው እግር ለምን ተለየ?» ብላ ጠየቀች። ወደ አዴ ኡርጌ ጠቆምኩ። «እሳቸውን ጠይቂ።» ተማሪዎቹ ከበቧቸው። እንስራው ውስጥ ካለው ውሃ ጀመሩላቸው።

ጓድ ውባየሁ የርክክቡን ወረቀት ይዘው ዙሪያዋን ዞሩ። ቸርኬው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፤ ቀና ሲሉ አዩኝ።

«የጎደለ ዕቃ አለ?»

«የለም፣ ጓድ። አንዱ እጃጂ ሥራ ላይ ነው።»